«ቆንጆ ነሽ» የማይባልበት ሥልጠና፦ የ«ቦዲ ፕሮጀክት» ግምገማ

«ቦዲ ፕሮጀክት» ሰውነታቸውን ለማይወዱ ታዳጊ ሴቶች የተዘጋጀ የቡድን ሥልጠና ነው። አራት ክፍለ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በአንድ ቡድን ከ6 እስከ 10 ልጆች ይቀመጣሉ፤ አንድ ወይም ሁለት አወያዮች ይመሩታል። ያዘጋጁት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤሪክ ስታይስና ባልደረቦቹ ናቸው። የመጀመሪያ ሙከራቸው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በኋላ ካሮሊን ቤከር ሥልጠናውን በባለሙያ ፈንታ እኩያ ሴቶች እንዲመሩት አድርጋ አስፋፋችው። የአወያይዋ ጽሑፍ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር ሳይቀር ይዞ ያለ ክፍያ ይገኛል። ይህን ግምገማ የጻፍነው የልጃገረዶች ክበብ ለሚመሩ መምህራን፣ ለትምህርት ቤት አማካሪዎችና ከወጣቶች ጋር ለሚሠሩ ሁሉ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ከዚህ የተሻለ አናውቅም፤ ግን እንደ ተጻፈው ከተሰጠ ብቻ። ስታይስና ባልደረቦቹ በ2008 ባሳተሙት ሙከራ በሰውነታቸው እንደማይደሰቱ የተናገሩ 481 ልጃገረዶችን በዕጣ ከፋፍለው ለ3 ዓመት ተከታተሏቸው። ምንም ሥልጠና ካላገኙት መካከል 15 በመቶዎቹን የአመጋገብ መታወክ ያዛቸው፤ ሥልጠናውን ከወሰዱት መካከል ግን 6 በመቶዎቹን። ከ100 ልጆች 9ኙን ከዚያ መንገድ መመለስ ማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ሰዓት ንግግር። የአመጋገብ መታወክ ስንል ራስን ማስራብን፣ ያለ ልክ በልቶ ማስመለስንና የመሳሰሉትን ነው። ከእነዚህ አኖሬክሲያ የሚባለው ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሕይወት ከሚቀጥፉት መካከል ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ለኛ ትልቅ ቁጥር ነው።

በአራቱ ሰዓት ውስጥ አወያይዋ አንዲትንም ልጅ «ቆንጆ ነሽ» አትላትም። «ራስሽን ውደጂ» የሚል መፈክር ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ልጆቹ ተራ በተራ አንዷ የሌላዋን ውበት የምታደንቅበት ጨዋታም የለም። ጽሑፉን መጀመሪያ ለሚያነብ ሰው ይህ ይጎረብጣል፤ ለልጆቹ ርኅራኄ ያነሰው ይመስላል። እኛ ግን ሥልጠናውን የምናከብረው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ብዙ ሥልጠናዎች ከሦስት ግምቶች ይነሣሉ። ታዳጊ ሴት ለራሷ የምትሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ ሰውነቷን የጠላችውም በዚያ ምክንያት ነው፤ ዋጋዋን ከፍ አድርገን ከነገርናት ሰውነቷንም ትወዳለች ይላሉ። ሦስቱም ሲፈተኑ አይቆሙም።

የመጀመሪያውን እንይ። በ1999 ክሪስተን ክሊንግ፣ ጃኔት ሃይድና ባልደረቦቻቸው በጣም ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ወንዶችና ሴቶች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት አነጻጸሩ። ወንዶች ከፍ ብለው ተገኙ፤ ልዩነቱ ግን 0.21 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ብቻ ነበር። ከ15 እስከ 18 ባለው ዕድሜ፣ በሰፋበት ጊዜ እንኳ፣ ከ0.33 አላለፈም። ወደ ተራ ቋንቋ ሲመለስ ከ10 ልጃገረዶች 4 ገደማ የሚሆኑት ከአማካዩ ወንድ በላይ ናቸው ማለት ነው። እንግዲህ ክፍል ገብታ «በዚህ ዕድሜ ሁላችሁም በራሳችሁ አትተማመኑም» ብላ የምትጀምር አወያይ፣ ፊቷ ከተቀመጡት ለብዙዎቹ ያልሆኑትን እየነገረቻቸው ነው። ልጆች ይህን ወዲያው ይለዩታል፤ ከዚያ ወዲያ አይሰሟትም።

ሁለተኛው ግምት መለኪያውን ገልጦ ሲያዩት ይፈርሳል። ለራስ የሚሰጥን ግምት ለመለካት በብዛት የሚሠራበት ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያወጣው ባለ10 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ነው። ከዐሥሩ አንዱም ስለ መልክ አይጠይቅም። ስለ ክብደት፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ፊት አንዲት ቃል የለበትም። አንዲት ልጅ በትምህርቷ፣ በወዳጆቿና በቤተሰቧ ዘንድ ባላት ቦታ ረክታ ከፍተኛ ነጥብ ልታመጣ ትችላለች፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ጭኗ እንዳይታይ ብላ ከዋና ትቀራለች። ሁለቱ ይዛመዳሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። በዚህ ስሕተት የሚጎዱት ደፋሮቹና አንደኛ የሚወጡት ናቸው፤ «እሷማ ምን ሆና!» ተብለው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። በተቃራኒው ደግሞ ሊፕስቲክ የተቀባች ወይም በየቀኑ ሰልፊ የምትለጥፍ ልጅ «ራሷን ስለማትወድ ነው» ተብላ ትመዘገባለች። ማንን እንደምትጋብዙ በመልክና በጠባይ አትወስኑ። «ስለ ሰውነትሽ ማሰብ ያስጨንቅሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ያለች ሁሉ ቦታ አላት፣ ቀጭንም ትሁን ወፍራም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ጆአን ውድና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው ደጋግመው እንዲሉ ተደረገ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ጥቂት ተሻላቸው። ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን፣ ማለትም መድኃኒቱ የታሰበላቸው፣ ባሰባቸው። የማያምኑትን ነገር ስለ ራስ መናገር ልብ ውስጥ ተቃውሞ ይቀሰቅሳል። «ቆንጆ ነሽ» ደግሞ ሌላም ጉዳት አለው፦ ልጅቷን ከሚያስጨንቃት ሚዛን ላይ አያወርዳትም፤ እዚያው እንደ ቆመች ቁጥሩን ከፍ ያደርግላታል እንጂ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ዝቅ ቢያደርገው ምንም የምትይዘው የላትም።

ታዲያ ቦዲ ፕሮጀክት በምን ይሠራል? መሠረቱ ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ሰው በአፉ የተናገረውና በልቡ የያዘው ሲጣረሱ ምቾት ያጣል፤ እነሱን ለማስታረቅ ሲል ልቡን ወደ አፉ ያስጠጋል። ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ በ1959 ተማሪዎችን አሰልቺ ሥራ አሠርተው፣ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው «ሥራው ደስ ይላል» እንዲሉ አደረጓቸው። ለዚህ ንግግር 20 ዶላር የተከፈላቸው ሥራው አሰልቺ መሆኑን እንዳመኑ ቀሩ። 1 ዶላር ብቻ የተከፈላቸው ግን ሥራው ደስ ይል እንደነበር ራሳቸው ማመን ጀመሩ። 20 ዶላር የወሰደው «ለገንዘቡ ብዬ ነው» የሚል ምክንያት አለው፤ 1 ዶላር የወሰደው የለውም።

ቦዲ ፕሮጀክት ይህን ወስዶ ልጆቹ ተመራጩን መልክ፣ ማለትም ኅብረተሰቡ ፍጹም የሚለውን፣ በገዛ ፈቃዳቸው፣ በገዛ ቃላቸው፣ ሰው ፊት እንዲሞግቱት ያደርጋል። የሥልጠናው ጥብቅ ሕጎች ሁሉ የሚወጡት ከዚህ ነው። ተሳትፎው ግዴታ አይሆንም። ነጥብ፣ ሽልማትና ምሥክር ወረቀት አይሰጥበትም፤ እነዚህ ሁሉ የ20 ዶላሩን ሥራ ይሠራሉና። አወያይዋ አታስተምርም፤ ትጠይቃለች። ከሰዓቱ አብዛኛውን የምትናገረው እሷ ከሆነች የሚለወጠው የእሷ ልብ ነው። ትምህርት ቤቶች ሥልጠናውን ወደ መደበኛ ክፍለ ጊዜ አስገብተው ውጤት ሲያስመዘግቡበት በቅን ልቦና ነው፤ ግን ሞተሩን አወጡለት።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ

ከአራቱ ከባዱ ይህ ነው። ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። ሰሌዳ ወይም ትልልቅ ወረቀት፣ ሁለት ማርከር፣ ለእያንዳንዷ እስክሪብቶና የቤት ሥራ ወረቀት ይበቃል። ከትውውቅ በኋላ አወያይዋ እያንዳንዷን በስሟ ጠርታ በንቃት ለመሳተፍ ፈቃደኛ መሆኗን ትጠይቃለች፤ ልጅቷም ድምፅ አውጥታ ትመልሳለች። ብዙዎች ይህን «ሁላችሁም ተስማምታችኋል አይደል?» ብለው ያልፉታል። ራስ መነቅነቅ ፈቃድ አይሆንም። በኋላ ለተናገረችው ሁሉ «ማንም አላስገደደኝም» እንድትል የሚያደርጋት ያች አንዲት ቃል ናት። «አይ» ያለች ልጅ ካለች በሰላም ትሂድ፤ ምክንያትም አትጠየቅ።

ከዚያ «ኅብረተሰቡ ፍጹም ናት የሚላት ሴት ምን ትመስላለች?» ተብሎ የመጣው ሁሉ ይጻፋል። ቀጭን፣ ግን ዳሌና ጡት ያላት፣ ረጅም፣ ቆዳዋ የጠራ፣ ሆዷ ልጥፍ ያለ፣ ጡንቻ ያላት ግን ወንድ የማትመስል። ዝርዝሩ ሲረዝም እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ ሳቅ የሚጀመረውም እዚህ ነው። አወያይዋ ቀድማ ከተናገረችው ግን ግኝታቸውን ቀማቻቸው። በቀድሞው ጽሑፍ የሚሞገተው ቅጥነት ብቻ ነበር። አሁን ጡንቻን፣ ቆዳንና ፀጉርን የሚያካትት ሰፋ ያለ ተመራጭ መልክ ሆኗል፤ ቅጥነት ጭንቀቷ ያልሆነ ልጅም ድርሻ አገኘች።

ቀጥሎ ይህ መልክ ከየት እንደ መጣ፣ እሱን መከተል ምን እንደሚያስከፍልና ማን እንደሚያተርፍበት ይጠየቃሉ። ልጆቹ «ሁሌም እንዲህ ነበር» ካሉ አን ቤከር ፊጂ ውስጥ ናድሮጋ በተባለ አካባቢ ያደረገችውን ጥናት መጥቀስ ይቻላል። እዚያ ይወደድ የነበረው ሞላ ያለ ሰውነት ነበር። ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እና ከ3 ዓመት በኋላ በ1998 የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሲጠየቁ፣ በአመጋገብ መጠይቁ አስጊ ነጥብ ያመጡት ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ አድገው ነበር። በየዙሩ የተጠየቁት ከ60 ጥቂት የሚበልጡ ስለሆኑ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ልጆቹን በጣም ያናግራል። የፊጂ ልጃገረዶች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ያደረጉትን ግን አትንገሯቸው። የአመጋገብ መታወክን ዘዴዎች መዘርዘር ለአንዳንዷ ትምህርት ይሆናል፤ የኪሎ ቁጥርም እንዲሁ።

ከሰዓቱ ትልቁን ድርሻ መውሰድ ያለበት «ምን ያስከፍላል?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጡት። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ እንቅልፍ፣ ጤና፣ ከጓደኛ ጋር መቀያየም፣ በትምህርት ላይ ያልዋለ ሐሳብ እየተባለ ይመጣል። እያንዳንዷ ቢያንስ አንድ ነገር በራሷ አንደበት መናገር አለባት። ዝም ያለች ልጅ የሰማች እንጂ የተሳተፈች አይደለችም።

የቤት ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ለታናሽ ልጅ የሚጻፍ፣ ተመራጩን መልክ መከተል የሚያስከፍለውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የመስታወት መልመጃ ነው፦ ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ ስለ ራሷ የምትወደውን ትጽፋለች፤ ከመልኳም፣ ከጠባይዋም፣ ከችሎታዋም። ጽሑፉ ልብስን በተቻለ መጠን ቀንሶ መቆምን ይመክራል፤ ከሥልጠናው የማንስማማበት ይህ ነው። የራሷ ክፍል የሌላት ልጅ ትጨነቃለች፤ አንዳንዷም የቤት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ትተወዋለች። የልብሱን ነገር ለልጅቷ ተዉት። መልመጃው የሚበላሸው በሌላ በኩል ነው፦ «ዓይኔ ጥሩ ነው፤ ግን አፍንጫዬ…» ስትል። በቀጣዩ ሳምንት ስታካፍል «ግን» ላይ አስቁሟት፤ ከዚያ በፊት ያለውን ብቻ ደግማ ትበል። የምትጠቅሰው የሰውነት ክፍል ካጣች ስለሚሠራላት ሥራ ትጻፍ። «እግሮቼ ሳልደክም ደረጃ ያስወጡኛል» ሙሉ መልስ ነው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በደብዳቤዎቹ ይጀምራል። ሁሉም ይነበባሉ፤ ለ8 ልጆች በአማካይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢያዝ 16 ደቂቃ ነው። ጊዜ አጠረ ብሎ ሁለት ብቻ ማስነበብ የሌሎቹን ስድስት ሥራ መጣል ነው። ደብዳቤውን ያልጻፈች ካለች አትቆጧት፤ ሌሎቹ ሲያነቡ ጥግ ይዛ ጥቂት መስመር ጽፋ ታንብብ።

ከዚያ የሚና ጨዋታው ይመጣል። አወያይዋ ምግብ ለመቀነስ የቆረጠች ልጅ ትሆናለች፤ ልጆቹ ተራ በተራ ሐሳቧን ሊያስለውጧት ይሞክራሉ። እዚህ ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንዷ አወያይ በመጀመሪያው ቃል «ልክ ነሽ» ብላ ትሸነፋለች፤ ያለ ድካም የተገኘ ድል ደግሞ ልብ ላይ አይቀመጥም። ሌላዋ በክርክር ጎበዝ ስለሆነች ልጆቹን ዝም ታሰኛለች፤ ያን ጊዜ ያሸነፈው ተመራጩ መልክ ነው። ለእያንዳንዷ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቃውማ ቀስ እያለች መላላት አለባት። ሚናው ደግሞ በፍጹም አይገለበጥም። ለተመራጩ መልክ ጥብቅና የምትቆመው አወያይዋ ብቻ ናት። ልጅቷ በጨዋታም ቢሆን «መቅጠን አለብኝ» ብላ ከተከራከረች ያው ዘዴ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራባታል። በጽሑፉ ያሉት ምሳሌዎች የኮሌጅ ሕይወት ይበዛባቸዋል፤ ለ14 እና ለ15 ዓመት ልጆች ከራሳቸው ውሎ የተወሰዱ አራት አምስት ምሳሌዎች አስቀድማችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው ፈጠን ይላል። አወያይዋ «ይህ ቀሚስ ለቀጭን ብቻ ነው የተሠራው» የሚል ዓይነት አንድ ዓረፍተ ነገር ትወረውራለች፤ ልጅቷ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትመልሳለች። በዚሁ አካባቢ እያንዳንዷ በሰውነቷ ምክንያት የተወችውን አንድ ነገር መርጣ በሳምንቱ ውስጥ እንድታደርገው ትጠየቃለች። ጃኬቷን ወገቧ ላይ ሳታስር መዋል፣ በስፖርት ሰዓት ከኋላ አለመደበቅ፣ ፎቶ ሲነሡ አለመሸሽ ይበቃል። ትልቅ ሲመረጥ ይከሽፋል፤ የከሸፈ ሙከራ ደግሞ «እኔ አልችልም» የሚለውን ያጠናክራል። «ይህን በመጪዎቹ 7 ቀናት የማድረግሽ ዕድል ከ10 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ7 በታች ካለች ሥራው ይነስላት። ከቤተሰቧ ወይም ከትምህርት ቤቱ ሕግ ጋር የሚያጋጭ ነገር አይመረጥ።

አራተኛው ሰውነትን ስለሚያንቋሽሹ የዕለት ወሬዎች ነው። «ወፈርኩ አይደል?» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ይበልጥ የሚያከራክረው «አንቺ ምን አለብሽ፣ ቀጭን ነሽ» የሚለው ነው፤ አድናቆት ስለሚመስል። ልጆቹ ለምን እንደሚጎዳ እስኪያገኙት ታገሡ፤ መልሱን ካገኙት በኋላ ጓደኛቸውን የሚያናግሩበት ቋንቋ ይለወጣል። ከዚያ በመጪው ጊዜ የሚመጣባቸውን ጫና አስበው ምላሽ ያዘጋጃሉ፤ እንደ ቡድን የሚያደርጉትንም ይመርጣሉ። የትምህርት ቤቱ የመጸዳጃ ቤት መስታወት ላይ ማስታወሻ መለጠፍ ለአብነት ብዙ የሚመረጥ ነው።

አራቱን በአንድ ቀን ጨርሱ የሚል አስተዳደር ያጋጥማል። የቤት ሥራዎቹ በየመካከሉ ቀናት ይፈልጋሉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሁን። 40 ልጆች ባሉበት ክፍልም አይሆንም፤ የመናገር ተራ አይደርስም። 40 ልጆች 5 ቡድን ናቸው። እናትና አክስት ከጥግ ሆነው እንዲያዳምጡም አትፍቀዱ፤ አንዳንዷ የምታወራው ስለ እነሱ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

ከ11 እስከ 14 ላሉት «ኮንፊደንት ሚ» የተሻለ ይስማማል። ሳሙና የሚያመርተው ዶቭ በብሪስቶል ከሚገኘው የዌስት ኦፍ ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ የመልክ ጥናት ማእከል ጋር ያዘጋጀው ነው። ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚፈጁ አምስት ክፍለ ጊዜዎች አሉት፤ ወንዶችም ሴቶችም ባሉበት ክፍል መምህር ይሰጠዋል። ስለ ተመራጭ መልክ፣ ስለ መገናኛ ብዙኃን፣ ራስን ከሌላ ስለ ማወዳደር፣ ስለ ሰውነት ወሬና ስለ ለውጥ ያነሣል። ማወዳደርን የሚመለከተው ክፍል ጠንካራ ነው። የጉርምስናን ነገር 10 ደቂቃ ጨምሩበት፦ ዳሌና ጭን ላይ ስብ መጨመሩ የዕድገቱ ሥራ መሆኑን፣ ክብደት ከቁመት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል። ከእኩዮቿ ቀድማ የደረሰች ልጅ ከሁሉ ይበልጥ የምትጨነቀው እሷ ስለሆነች ይህን መስማት ይጠቅማታል።

በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ አጭር ቅጂም አለው፤ እሱን አንመክርም። እንግሊዝ ውስጥ ከ11 እስከ 13 ዓመት ባሉ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 ሲታተም፣ ወዲያው የታየው መሻሻል ከሳምንታት በኋላ አልቆየም። የአንድ ቀን ዝግጅት አድርጎ «ሠራን» ማለት ቀላል ስለሆነ ብዙዎች የሚመርጡት ግን ይህንን ነው።

የባለቤትነቱንም ነገር መሸፈን አያስፈልግም። ዶቭ የዩኒሊቨር ነው፤ ዩኒሊቨር ደግሞ ቆዳ የሚያቀላ ቅባት «ፌር ኤንድ ላቭሊ» በሚል ስም ሲሸጥ ኖሮ በ2020 ስሙን «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» አድርጎታል። «ማን ያተርፋል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ልጆቹ የጽሑፉን አዘጋጅ ራሱን ቢጠሩ አታስቁሟቸው፤ ጥያቄው በደንብ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የዓለም የልጃገረዶች ስካውት ማኅበር ከዶቭ ጋር በ2013 ያስጀመረው «ፍሪ ቢይንግ ሚ» ከ7 እስከ 10 እና ከ11 እስከ 14 ላሉት በጨዋታ መልክ የቀረበ ነው፤ ለታናናሾች መጀመሪያ ይሆናል።

«ፎቶው ፊልተር እንዳለው ብትነግሯቸው ይበቃል» የሚሉ አጫጭር ትምህርቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። አይበቃም። ፈረንሳይ ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ የሞዴል ሰውነት በኮምፒውተር የተቀጠነበት ወይም የተወፈረበት የማስታወቂያ ፎቶ ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖረው በሕግ አዝዛለች። በጥናቶች ሲፈተን ግን እንዲህ ያለው ማሳሰቢያ ሴቶች ስለ ሰውነታቸው የሚሰማቸውን አያሻሽልም። ልጅቷ ምስሉ የተነካካ መሆኑን ታውቃለች፤ አውቃም ትመኘዋለች።

ነጥብ ስጡ ብንባል ለቦዲ ፕሮጀክት ከ5 4.5 እንሰጣለን፤ ግማሿን ያስጣሉት የመስታወቱ መመሪያና የኮሌጅ ምሳሌዎቹ ናቸው። ለባለ አምስቱ ኮንፊደንት ሚ 3.5፣ ለባለ አንዱ 1.5።

ውጤቱን በራሳችሁ ቡድን ለመለካት ከፈለጋችሁ የሮዘንበርግን መጠይቅ አትጠቀሙ፤ የማይጠይቀውን አይመልስም። በስም ፈንታ መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ በሰውነቷ ምን ያህል እንደምትረካ፣ ራሷን ከሌሎች ጋር ስንት ጊዜ እንደምታወዳድር፣ በመልኳ ምክንያት የተወችው ነገር መኖሩን ከ1 እስከ 5 ትመልስ። ከሥልጠናው በፊት፣ በመጨረሻው ቀንና ከ3 ወር በኋላ አስሞሉ። የመጨረሻው ቀን ውጤት ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ የሚታመነው የ3 ወሩ ነው። ሚዛን ግን ወደ ክፍሉ አይግባ።

ይህ ሥልጠና የመከላከያ እንጂ የሕክምና አይደለም። በፍጥነት የከሳች፣ የወር አበባዋ ለ3 ወር የቀረባት፣ ራሷን የምትስት፣ ሁልጊዜ የሚበርዳት፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ተነሥታ መጸዳጃ ቤት የምትገባ ልጅ ሐኪም ማየት አለባት፤ አራተኛውን ክፍለ ጊዜ አትጠብቁ። ክብደቷ የተለመደ የሚመስልም በጠና ልትታመም ስለምትችል በዓይን ብቻ አትመዝኑ። በጓደኞቿ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ አነጋግሯት። ስለ ኪሎ ሳይሆን ስላያችሁት ነገር ተናገሩ፦ «ሰሞኑን ሁለቴ ወድቀሽ አየሁ፤ አሳሰበኝ»።

በአካል መሰባሰብ ለማይቻልበት ቦታ ሁለት አማራጭ አለ። ልጅቷ ለብቻዋ ኢንተርኔት ላይ የምትሞላው ቅጂ የቡድኑን ያህል አይሠራም፤ የሚያዳምጣት ሰው የለም። በቪዲዮ ጥሪ የሚሰበሰብ ቡድን ግን ስዊድን ውስጥ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ቡድኑን ከ6 አታብዙ፤ ሁሉም በአንድ ስክሪን ይታዩ። ጥሪው እንደ ተጀመረም እያንዳንዷ የራሷን ምስል ከራሷ ስክሪን ላይ እንድትሰውር አድርጉ፤ አማራጩ በአብዛኞቹ የጥሪ መተግበሪያዎች ላይ አለ። ያ ካልሆነ ስለ መልክ በሚወራበት ሰዓት ሙሉ የገዛ ፊቷን እያየች ፀጉሯን ስታስተካክል ትቆያለች።